የላብ ኮምፒውተር ድምፃችንን ለምን ይረሳል? በጋራ ኮምፒውተር ላይ በድምፅ መጻፍ

በግል ላፕቶፑ ላይ በድምፅ መጻፍ የለመደ ተማሪ፣ ያንኑ ሶፍትዌር በኮሌጁ የኮምፒውተር ላብ ሲከፍት የሌላ ሰው ዕቃ የያዘ ያህል ይከብደዋል። ትናንት አሥር ጊዜ ያረመው የመምህሩ ስም ዛሬም ተሳስቶ ይወጣል። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ያወራው ነገር ጽሑፉ መሀል ይገባል። ማይኩ ተሰክቶ እያለ ፕሮግራሙ «ድምፅ አልሰማሁም» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ሶፍትዌሩ አይረባም» ወይም «የእኔን አነጋገር አይችልም» ብሎ ይተወዋል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሶፍትዌሩም የተናጋሪውም አይደለም። እንዲህ ያለው ሶፍትዌር ለረጅም ዘመን የተሠራው አንድ ሰው፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ኮምፒውተር ታስቦ ነው፤ ከባለቤቱ ጋር በቆየ መጠን ይለምደዋል። የላብ ኮምፒውተር የሚዘጋጀው ደግሞ ለተቃራኒው ነው፦ የተቀመጠው ሲነሣ ምንም እንዳልተነካ ሆኖ ለሚቀጥለው እንዲደርስ። አንዱ ማስታወስ ይፈልጋል፣ ሌላው መርሳት። ላብ ውስጥ የሚያጋጥመው ችግር ብዙው ከዚህ ይመነጫል።

ሶፍትዌሩ የሚነገረውን የሚለየው እንዴት ነው?

አንድ ቃለ ጉባኤ ያዥ እናስብ። የሚነገረውን እየሰማ ይጽፋል፤ በጆሮው ብቻ ግን አይደለም። አንዱ አስሎ አንድ ቃል ቢያመልጠው፣ ከፊትና ከኋላ ከተባለው ተነሥቶ ይሞላዋል። ሶፍትዌሩም ጆሮ አለው፣ ግምትም አለው።

ጆሮው የድምፅ ሞዴል ይባላል። ኮምፒውተሩ ከማይኩ የሚመጣውን ድምፅ በሰከንድ 16,000 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ከዚያ ሶፍትዌሩ የቁጥሩን ጅረት 25 ሚሊሰከንድ ያህል ርዝመት ወዳላቸው ቁራጮች ይከፍለዋል፤ ቁራጮቹ እየተደራረቡ በየ10 ሚሊሰከንዱ አዲስ ይጀመራል። በአንድ ሰከንድ ንግግር ውስጥ መቶ ያህል ቁራጭ አለ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ «ይህ የትኛውን ድምፅ ይመስላል?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ እርግጠኛ አይደለም፤ ሁልጊዜ «ምናልባት ይህ፣ ምናልባት ያ» ነው።

ግምቱ የቋንቋ ሞዴል ይባላል። ይህ ክፍል ብዙ ጽሑፍ አይቷልና የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ያውቃል። «መጣ» እና «መታ»ን እንውሰድ። የሚለያዩት በአንድ ድምፅ ነው፤ ልዩነቱም ከሰከንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል፤ የኮምፒውተር ፋን ጩኸት በቀላሉ ይውጠዋል። ጆሮው ሲያመነታ ግምቱ ይፈርዳል፦ «ልጁ ኳሷን» ከተባለ «መታ»፣ «ልጁ ከትምህርት ቤት» ከተባለ «መጣ»። በቅርብ ዓመታት በተሠሩት ብዙ ሶፍትዌሮች ጆሮውና ግምቱ የነርቭ መረብ በሚባል፣ ከብዙ ምሳሌ በሚማር አንድ ትልቅ ፕሮግራም ውስጥ ተዋህደዋል፤ ሥራቸው ግን ያው ነው።

ከዚህ አንድ ትልቅ የአጠቃቀም ምክር ይወጣል፦ ቃል በቃል እየቆረጡ አለመናገር። ሶፍትዌሩ እንዲገባው ብሎ «ልጁ… ኳሷን… መታ» የሚል ሰው ግምቱን ከሥራ ውጪ ያደርገዋል። ይህ ልማድ ከየትም አልመጣም፤ በ1990 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ድራጎን ዲክቴት የተባለ በድምፅ መጻፊያ ሶፍትዌር በየቃሉ መካከል ማረፍን ግድ ይል ነበር። በ1997 የወጣው ድራጎን ናቹራሊስፒኪንግ ግን ሳይቋረጥ የሚነገርን ንግግር ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲህ ትክክለኛው አካሄድ ሐሳቡን በልብ አዘጋጅቶ አንድ ሙሉ ሐረግ ወይም ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መናገር ነው።

ፕሮፋይል ምንድን ነው? ለምንስ ይጠፋል?

ቃለ ጉባኤ ያዡ ለአንድ ዓመት አብሮ ከሠራ የእያንዳንዱን ተሰብሳቢ ስም፣ የሚወዳቸውን ቃላት፣ የሚውጠውን ፊደል ያውቃል። ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ቢይዘው፣ ደብተሩ ፕሮፋይል ነው። እንደ ድራጎን ባሉ ሶፍትዌሮች ፕሮፋይሉ ውስጥ ተናጋሪው የጨመራቸው ቃላት፣ ያረማቸው ስሕተቶች፣ የማይኩ ዓይነትና የአነጋገሩ ጠባይ ይቀመጣሉ። አዳዲሶቹ ስሪቶች በመጀመሪያው ቀንም ያለ ልምምድ ደህና ይጽፋሉ፤ የትምህርት ዘርፉን ቃላት፣ የሰዎችን ስም፣ የአነጋገር ዘዬን በተመለከተ ግን ደብተር ያለው ሁልጊዜ ይሻላል።

አሁን ወደ ላቡ እንምጣ። ብዙ ኮሌጆች ኮምፒውተሮቻቸውን ከቫይረስና ከብልሽት ለመጠበቅ እንደ ዲፕ ፍሪዝ ያለ «አቀዝቃዥ» ፕሮግራም ይጭናሉ። ሥራው ቀላል ነው፦ ኮምፒውተሩ ሪስታርት በተደረገ ቁጥር የሀርድ ዲስኩን ይዘት አስቀድሞ ወደተወሰነው መልክ ይመልሰዋል። ተማሪው ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጠው ፋይል ይጠፋል፤ ፕሮፋይሉም አብሮ። ሶፍትዌሩ አልረሳም፤ ደብተሩን ነው የተቀማው።

ከዚህ የሚያወጡ ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ፕሮፋይሉን ሰርቨር፣ ማለትም የኮሌጁ ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ላይ ማኖር ነው። ተማሪው በየትኛውም ኮምፒውተር ሲገባ ደብተሩ ከሰርቨር ይገለበጥለታል፤ ሲወጣ ተመልሶ ይቀመጣል። ይህ «ተዘዋዋሪ ፕሮፋይል» በድራጎን ለድርጅት በሚሸጠው ስሪት ውስጥ አለ፤ የሚያዘጋጀውም የላቡ አስተዳዳሪ እንጂ ተማሪው አይደለም። ምቹ ነው፣ ግን የሒሳብ ነገር አለበት። ፕሮፋይሉ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል። 500 ሜጋባይት ነው ብንል፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት (ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) በሚያሳልፍ መስመር ለመገልበጥ ምንም ባያግደው 40 ሰከንድ ይፈጃል። ክፍለ ጊዜው አልቆ 20 ተማሪ ባንድ ጊዜ ቢወጣና ሁሉም ያንኑ መስመር ቢጋሩ፣ 13 ደቂቃ ያልፋል። በዚህ መሀል ትዕግሥት ያጣ ሰው የኮምፒውተሩን ማጥፊያ ቁልፍ ይጫናል፤ ደብተሩ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ ይቀራል፤ በማግሥቱ «ፕሮፋይሉ ሊከፈት አልቻለም» ይባላል። ይህን ለማስቀረት ፍጻሜውን መጠበቅ፣ ከተቻለም ከሌላው ተማሪ አምስት ደቂቃ ቀድሞ መዝጋት ይበጃል። በአስተዳዳሪው በኩል ደግሞ የመጨረሻውን ደህና ቅጂ ለብቻ ማኖር።

ሁለተኛው መንገድ ፕሮፋይሉን ፍላሽ ላይ ይዞ መዞር ነው። የፕሮፋይል ማስተዳደሪያው ውስጥ ወደ ውጭ የማውጣትና መልሶ የማስገባት ትእዛዝ አለ። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ብዙዎች ናቸው፦ ፕሮፋይሉን በቀጥታ ፍላሹ ላይ ከፍተው ይሠሩበታል። ፍላሽ ለብዙ ትንንሽ ጽሕፈት ዘገምተኛ ነው፤ መሀል ላይ ከተነቀለም ፋይሉ ይበላሻል። ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቶ መሥራት፣ ሲያበቁ አውጥቶ ፍላሹ ላይ ማስቀመጥ፣ ፍላሹን «አስወጣ» ብሎ መንቀል። የሶፍትዌሩ ስሪት በሁሉም ኮምፒውተር አንድ መሆኑንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በአዲሱ ስሪት የተሻሻለን ፕሮፋይል አሮጌው አይከፍተውም።

ሦስተኛው መንገድ ፕሮፋይል የማያስፈልገውን ሶፍትዌር መምረጥ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም መንገድ አይደረግም፦ አንድን ፕሮፋይል ለሁለት ሰው ማካፈል። ደብተሩ ላይ ሁለት ሰው እየተፈራረቀ ቢጽፍበት የአንዱ እርማት ለሌላው ስሕተት ይሆናል፤ ቀስ በቀስም ለሁለቱም የማይሆን ይሆናል። «ላብ1» የሚባል የጋራ ፕሮፋይል ከፍቶ ሁሉም እንዲጠቀም ማድረግ፣ ብዙ ቦታ እንደ መፍትሔ የሚታይ፣ ከመፍትሔዎች ሁሉ የከፋው ነው።

ከሶፍትዌሩ በላይ ማይኩ የሚያሳስበው ለምንድን ነው?

ጆሮው ያልሰማውን ግምቱ ሁልጊዜ አይሞላውም። ላብ ውስጥ ደግሞ ፋን አለ፣ ኪቦርድ አለ፣ የበር ድምፅ አለ፣ ሹክሹክታ አለ። ከዚህ ሁሉ የሚያድነው ርቀት ነው። ከአፍ እስከ ማይክ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ማይኩ ጋ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ጠረጴዛ ላይ 50 ሳንቲሜትር ርቆ የተቀመጠ ማይክ፣ ከከንፈር 2.5 ሳንቲሜትር ላይ ካለ ማይክ ጋር ሲወዳደር 20 እጥፍ ይርቃል፤ የሚደርሰው ኃይል ደግሞ ከ400 አንድ እጅ ብቻ ነው። በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል 26 ያህል ጎደለ ማለት ነው። የክፍሉ ጫጫታ ግን ለሁለቱም እኩል ይደርሳል። የስክሪን ላይ ማይክ ወይም የዌብካም ማይክ ላብ ውስጥ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከጭንቅላት ላይ የሚጠለቅ፣ የማይክ ክንድ ያለው ሄድሴት። አቀማመጡም አለው። የማይኩ ጫፍ ከከንፈር ጥግ የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ርቆ ወደ ጎን ይቀመጣል እንጂ አፍ ፊት አይደቀንም። ፊት ለፊት ሲሆን «ፐ» እና «በ» ሲባሉ የሚወጣው ትንፋሽ ማይኩን ይመታዋል፤ ሶፍትዌሩ ያልተባለ ቃል ይጽፋል። በየቃሉ መካከል «ፍ» የመሰሉ ጥቃቅን ቃላት ከበዙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ጫጫታ የሚቀንስ ማይክ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ወደ አፍ፣ ሌላው ወደ ውጭ። ከሩቅ የመጣ ድምፅ በሁለቱም እኩል ስለሚገባ ይጣፋል፤ ከቅርብ የመጣው በአንዱ ስለሚበረታ ይተርፋል። እንግዲህ ማይኩ ተገልብጦ ከተጠለቀ የሚያጣፋው የባለቤቱን ድምፅ ይሆናል። ብዙዎቹ ወደ አፍ የሚዞረውን ጎን የሚያሳይ ነጥብ ወይም ምልክት አላቸው። አንድ የተለመደ መደናገርም እዚህ ላይ ይነሣ፦ ማሸጊያው ላይ «ጫጫታ ይቀንሳል» የተባለለት የጆሮ ማዳመጫ፣ የሚቀንሰው ለሰሚው ጆሮ ሊሆን ይችላል። ለጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን ማይኩ የሚቀንስ ነው።

አሰካኩስ? ዩኤስቢ ይሻላል፣ በጣም ይሻላል። ክብ መሰኪያ ያለው ሄድሴት የሚጠቀመው የኮምፒውተሩን የድምፅ ካርድ ነው፤ የካርዱ ጥራትና ከውስጥ የሚገባበት የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ይለያያል። ዛሬ 4ኛው ላይ፣ ነገ 17ኛው ላይ የሚቀመጥ ተማሪ በየቀኑ የተለየ ጆሮ ያገኛል ማለት ነው። የዩኤስቢ ሄድሴት የድምፅ ካርዱን በሆዱ ይዞ ይዞራል። ተማሪው የራሱን የዩኤስቢ ሄድሴት ይዞ ቢመጣ፣ ከንጽሕናው ሌላ፣ ከጋራ ኮምፒውተር ላይ አንዱን ነገር የግሉ አደረገው ማለት ነው።

ክብ መሰኪያ ግድ ከሆነ ጫፉን ማየት ነው። የስልክ ሄድሴት መሰኪያ ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበት አለ፤ ለማዳመጫ ብቻ ወይም ለማይክ ብቻ የሆነው ሁለት አለው። የላብ ኮምፒውተር ለማይክና ለማዳመጫ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች ካሉት፣ የስልኩ ሄድሴት በቀጥታ ቢሰካ ማይኩ አይሠራም፤ አንዱን ለሁለት የሚከፍል አስማሚ ገመድ ያስፈልጋል። ብሉቱዝ ደግሞ ለጋራ ኮምፒውተር አይመከርም። ማይኩ ሲከፈት ብዙ ብሉቱዝ ሄድሴቶች ድምፁን በሰከንድ ወደ 8,000 ልኬት ያወርዱታል፤ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቆረጣል። «ሰ» አብዛኛውን ኃይሏን የያዘችው እዚያ ላይ ነው።

ሃያ ሰው በአንድ ክፍል ቢናገርስ?

በ1911 ኤትየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አንድ ነገር አሳይቶ ነበር፦ ሰው ጫጫታ ሲሰማ ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ላብ ውስጥ ሁለት ሰው በድምፅ ሲጽፍ ሦስተኛው ይጮኻል፤ ሦስተኛው ሲጮኽ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይብሳሉ። የተጮኸ ድምፅ ደግሞ ቅርጹ ይለወጣል፤ ሶፍትዌሩ የተማረው ግን በተለመደ አነጋገር ነው። ማይኩ ቅርብ ከሆነ ስልክ ላይ እንደሚያወሩት ያህል መናገር ይበቃል።

በተቻለ መጠን አንድ መቀመጫ እየዘለሉ መቀመጥ፣ ፊት ለፊት አለመተያየት፣ ከአታሚውና ከበሩ መራቅ ይጠቅማል። ባዶ ግድግዳና ጠንካራ ወለል ያለው ክፍል ድምፅን መልሶ ያስተጋባል፤ የአንዱ ቃል ጅራት በሚቀጥለው ቃል ላይ ይወድቃል። መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይህን ይቀንሳሉ። ለፈተና ከሆነ ግን የክፍሉ አሠራር አያድንም፤ መልስን ጮክ ብሎ መናገር ስለሆነ የተለየ ክፍል ነው የሚያስፈልገው።

እጁን የማይጠቀም፣ ወይም ማየት የተሳነው ተማሪ ሶፍትዌሩን ኮምፒውተሩን ለማዘዝም ይጠቀምበታል፤ «ክፈት»፣ «ዝጋ»፣ «አጥፋ» እያለ። እንዲህ ሲሆን የጎረቤት ድምፅ ከጽሑፍ ስሕተት አልፎ ፋይል ሊዘጋ ይችላል። ለአፍታ ሲያርፉ ማይኩን ማስተኛት የግድ ነው፤ ሶፍትዌሮቹ ለዚህ የድምፅ ትእዛዝም የቁልፍ አቋራጭም አላቸው። ስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚጠቀም ተማሪ ደግሞ በስፒከር ካዳመጠ፣ አንባቢው ያነበበውን ማይኩ ሰምቶ መልሶ ይጽፈዋል። ማዳመጫው ጆሮ ላይ መሆን አለበት።

የትኛው ሶፍትዌር ለላብ ይመቻል?

መለያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማስታወሻ ደብተሩ የት ይቀመጣል?

ድራጎን ኮምፒውተሩ ላይ ያኖረዋል። እንደ ልብ ለማዘዝና ለማረም እጅግ የበለጸገ ነው፤ ስለ ፕሮፋይል የተባለው ችግር ሁሉ ግን በቀጥታ ይመለከተዋል። ዊንዶውስ ቪስታ ከተባለው ስሪቱ ጀምሮ የራሱ የድምፅ መለያ ነበረው፤ እሱም ልምዱን በተጠቃሚው አካውንት ሥር ያኖር ነበር። በ2024 በዊንዶውስ 11 ላይ ቮይስ አክሰስ በተባለው አዲስ የድምፅ መለያ ተተክቷል። ቮይስ አክሰስ የቋንቋ ፋይሉ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ስለዚህ አስተዳዳሪው ኮምፒውተሮቹን ከማቀዝቀዙ በፊት ፋይሉን ማውረድ አለበት። አለበለዚያ ከእያንዳንዱ ሪስታርት በኋላ እንደ አዲስ ይወርዳል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ«ኤች» ጋር በመጫን የሚከፈተው የድምፅ ትየባ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ጉግል ዶክስ ውስጥ ያለው የድምፅ ትየባ ምንም አይጫንለትም፤ በብራውዘር ነው የሚሠራው። ፕሮፋይል ስለሌለው የሚጠፋም የለም፤ ልዩ ስሞችን ግን አይማርም። ኢንተርኔት ይበላል፣ ያም ቢሆን ከሚፈራው ያነሰ ነው፦ ያልታመቀ ንግግር በሰከንድ 256 ኪሎቢት ስለሆነ፣ 30 ሰው ባንድ ጊዜ ቢናገር ወደ 7.7 ሜጋቢት ነው፤ ሲታመቅ ደግሞ በብዙ ያንሳል። የሚጎዳው የመስመሩ ስፋት ሳይሆን መቆራረጡ ነው። መስመሩ ለሁለት ሰከንድ ሲጠፋ አንድ ሐረግ እንዳለ ይሰወራል፤ ተናጋሪው ስክሪኑን ካላየም አያውቅም።

ዊስፐር የሚባለው፣ ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ በ2022 ለማንም ክፍት አድርጎ የለቀቀው፣ ሌላ ዓይነት ነው። ያለ ፕሮፋይልና ያለ ኢንተርኔት በላቡ ኮምፒውተር ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ድምፁን በ30 ሰከንድ ቁራጭ ይመለከታል። ትንሹ ሞዴል 1 ጊጋባይት ያህል የግራፊክስ ካርድ ማኅደረ ትውስታ ይበቃዋል፤ ትልቁ 10 ይፈልጋል። የትምህርት ቅጂን ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ግሩም ነው፤ እየተናገሩ ለማረምና ለማዘዝ አልተሠራም። አንድ ክፉ ጠባይም አለው፦ ዝምታ ሲረዝምበት ያልተባለ ዓረፍተ ነገር ይፈጥራል፣ ያውም አምሮ የተጻፈ። ቅጂው ላይ ያሉትን ረጃጅም ዝምታዎች ቆርጦ ማውጣት ይጠቅማል።

አማርኛን ይችላል?

ጉግል አማርኛን በድምፅ ትየባ ቋንቋዎቹ ውስጥ ያስገባው በ2017 ነው። ዊስፐርም አማርኛ አለው፣ ከእንግሊዝኛው ጋር ግን አይወዳደርም። ምክንያቱ የንግግር ቅጂ ማነስ ብቻ አይደለም። «ቤት» ብሎ የሚጀምረው ቃል «ቤታችን»፣ «ከቤታችን»፣ «ለየቤታችንም» እያለ ይራባል፤ ሶፍትዌሩ ብዙዎቹን ቅርጾች አንድም ጊዜ ሳያያቸው ሊቀር ይችላል። «ሥራ» ይሁን «ስራ» ብሎ የሚመርጠው ደግሞ በጆሮው ሳይሆን በተማረው ጽሑፍ ውስጥ የበዛውን አይቶ ነው፤ ፊደል የሚጠብቅ መምህር ያለው ተማሪ ይህን በእጁ ያርማል። በአንጻሩ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ ለሶፍትዌሩ ውለታ ውሎለታል፦ የመዋኘቱን «ዋና» ከዋናው «ዋና» ጋር ቢያምታታውም ጽሑፉ አይሳሳትም። የጉግል ዶክስ የማረሚያ ትእዛዞች በእንግሊዝኛ ብቻ ናቸው፤ አራት ነጥቡም በኪቦርድ ይገባል።

ከመቀመጥ እስከ መነሣት ምን ይደረግ?

ሄድሴቱ ሶፍትዌሩ ከመከፈቱ በፊት ይሰካ። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ያለውን ማይክ የሚመዘግቡት ሲከፈቱ ነው። ከዚያ በዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ ውስጥ ገብቶ የግቤቱ ማይክ የተሰካው ሄድሴት መሆኑን ማየት፤ ስንናገር የሚንቀሳቀሰው መስመር ከግማሽ በላይ ይድረስ፣ ጫፉን ግን አይንካ። ጫፉን የሚነካ ድምፅ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን በኋላ ድምፅ በመቀነስ መመለስ አይቻልም።

ፕሮፋይል ይከፈት፤ ስሙ የራስ መሆኑ ይታይ። ሰነዱ በመጀመሪያው ደቂቃ ስም ተሰጥቶት ከኮምፒውተሩ ውጭ፣ ሰርቨር ወይም ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። ለማረም ስሕተቱን በኪቦርድ ከመደለዝ የሶፍትዌሩን ማረሚያ መጠቀም ይሻላል፤ ደብተሩ የሚማረው ከዚያ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ከምትመረጥ በዙሪያዋ ያሉት ሁለት ሦስት ቃላት አብረው ይመረጡ። ለስሕተት ጊዜ መመደብም አለበት፦ «95 ከመቶ ትክክል» ማለት 250 ቃል ባለው አንድ ገጽ ላይ 12 ወይም 13 ስሕተት ማለት ነው። ቃላቱ በፊደል ግድፈት ስለማይወጡ የፊደል ማረሚያው አይዛቸውም፤ ማንበብ ብቻ ነው የሚያገኛቸው።

ድምፅም ይደክማል። በየግማሽ ሰዓቱ ማረፍና ውኃ መጎንጨት ይገባል፤ በር ላይ የተለጠፈው «መጠጥ ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያ ላይ ከላቡ ኃላፊ ጋር መነጋገር ይበጅ ይሆናል።

ሲያበቁ፦ ሰነድ ማስቀመጥ፣ ፕሮፋይል ማስቀመጥ፣ ሶፍትዌሩን ዘግቶ ግልባጩ እስኪያልቅ መጠበቅ፣ ከብራውዘር አካውንት መውጣት፣ በመጨረሻም ከኮምፒውተሩ ሎግ አውት ማድረግ። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም።

ድምፄንና ጽሑፌን ማን ያያል?

በኢንተርኔት የሚሠራው ሶፍትዌር ድምፁን ወደ አቅራቢው ሰርቨር ይልካል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው አይልክም። ላብ ውስጥ ግን ይበልጥ የቀረበው አደጋ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ነው። ክፍት የተተወ አካውንት የሁሉንም ሰነድ በር ይከፍታል። ሰነዶችን አንብቦ ቃላት የሚማር ሶፍትዌር በጋራ ፕሮፋይል ላይ ከሆነ ደግሞ፣ አንዱ ተማሪ በጥናቱ የጻፈው የታካሚ ስም በሌላው ስክሪን ላይ ሊወጣ ይችላል። ፍላሽ ላይ ያለ ፕሮፋይልም የድምፅ ናሙና ሊይዝ ስለሚችል እንደ ግል ሰነድ ይጠበቅ።

ማይኩ ተሰክቶ «ድምፅ የለም» ካለስ?

ከቀላሉ መጀመር ነው። የሄድሴቱ ገመድ ላይ ያለው ማጥፊያ ቁልፍ፤ ከዚያ መሰኪያው። ዩኤስቢን ከቀድሞው በተለየ ቀዳዳ ሲሰኩት ዊንዶውስ እንደ አዲስ ዕቃ ሊቆጥረው ይችላል፤ ወደ ቀድሞው ቀዳዳ መልሶ ሶፍትዌሩን እንደገና መክፈት። ሦስተኛ፣ የዊንዶውስ የግላዊነት ሴቲንግ ውስጥ ለዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ማይክ ተፈቅዶ እንደሆነ ማየት፤ ብዙ ላቦች ይህን ለደኅንነት ይዘጉታል፣ የሚከፍተውም አስተዳዳሪው ነው። አራተኛ፣ ቀድሞ የተከፈተ የቪዲዮ ስብሰባ ፕሮግራም ማይኩን ለብቻው ይዞት እንደሆነ። ኮምፒውተሩ ሌላ ቦታ ያለ፣ በኔትወርክ ርቆ የሚከፈት ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ የማይኩ ድምፅ ወደዚያ እንዲተላለፍ ከግንኙነቱ በፊት ካልተፈቀደ አይደርስም፤ ተቋርጦ እንደገና መገናኘት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ ሄድሴቱን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሞከር። እዚያ ከሠራ የኮምፒውተሩን ቁጥር ለላቡ ኃላፊ ነግሮ ቦታ መቀየር ነው፤ ካልሠራ የሞተው ሄድሴቱ ነው።